ነዳጅ አነሰው ወይስ አየር በዛበት? የፒ0171 ኮድን ጥፋት ፈልጎ ማግኘት

መኪናው ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ሲረገጥ ለአፍታ ይንገራገጭና ከዚያ ይነሳል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ የቼክ ኢንጅን መብራቱም በርቷል። ስካነር ሲሰካ ፒ0171 ይወጣል፤ ትርጉሙ «የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል፣ ባንክ 1» ነው፤ ባንክ የሚባለው የሞተሩ ጎን ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ ቦታ የሚደረገው ይታወቃል። መጀመሪያ ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ፖምፓ፣ በመጨረሻም ነዳጁን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይታጠባሉ። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ጥፋቱ ግን ከመጀመሪያው አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ልትሆን ትችላለች።

እዚህ ስህተት ላይ የሚጥለን ኮዱን ካለው በላይ ማመናችን ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ማነሱን በቀጥታ የሚያይበት ዓይን የለውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሲሊንደር በወጣው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ተርፏል። ለምን እንደተረፈ አያውቅም። በእርግጥ ነዳጁ ጎድሎ ይሆናል። ወይም ሳይቆጠር የገባ አየር አለ። ወይም አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ቀርቶ የሳበውን አየር እንዳለ እየተፋው ነው። ወይም ደግሞ ጭሱ ራሱ በመንገድ ላይ ከውጭ አየር ተቀላቅሎበታል። አራቱም የሚያበሩት ያንኑ መብራት፣ የሚያወጡትም ያንኑ ኮድ ነው። እነሱን ለመለየት ብር ሳይወጣ የሚነበብ ቁጥር ስካነሩ ላይ አለ፤ ፊውል ትሪም ይባላል። ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን ቁጥር በሦስት ሁኔታ ማንበብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ ይጨርሳል።

የምናወራው በቤንዚን ስለሚሠሩ የኢንጀክሽን ሞተሮች ነው፤ የናፍጣ ሞተር አሠራሩ ሌላ ነው።

ኮምፒውተሩ ነዳጁን እንዴት ይመጥናል?

ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ሲደርሰው ሁለቱም ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ። ኮምፒውተሩ የሚደክመው ይህን ልክ ለመጠበቅ ነው። መጀመሪያ የገባውን አየር ያውቃል፤ በብዙ መኪኖች ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ባለው ኤርፍሎው ሴንሰር፣ በሌሎች ደግሞ የማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ግፊት በሚያነብ ማፕ ሴንሰር አማካይነት። በዚያ ልክ ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ መቆየት እንዳለበት ያሰላል። ከዚያም ስሌቱ ልክ መምጣቱን ከጭሱ ያረጋግጣል፤ ለዚህ የተቀመጠው ኦክስጅን ሴንሰር ነው።

የተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይሰጣል። ከ0.45 በላይ ሲሆን ነዳጅ በዝቷል፣ ከዚያ ሲወርድ ኦክስጅን ተርፏል ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቁጥሩ ያለማቋረጥ ወደላይና ወደታች መወዛወዝ አለበት። በበርካታ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ የሚገጠመው ግን ኤር-ፊውል ሴንሰር የሚባለው ነው፤ የእሱ ልክ 3.3 ቮልት ሲሆን ነዳጅ ሲያንስ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ይወጣል። ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። የትኛው እንደተገጠመ ሳያረጋግጡ በቮልቱ ብቻ መፍረድ ጤነኛ ሴንሰር ያስጥላል።

ሴንሰሩ «ኦክስጅን ተርፏል» ሲል ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ምን ያህል እንደጨመረም በመቶኛ ይመዘግባል። ትሪም የሚባለው ይህ ነው። የአጭር ጊዜው በየሰከንዱ የሚቀያየር ነው፤ የረጅም ጊዜው ኮምፒውተሩ ከቆየበት ልምድ በማስታወሻው የያዘው ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው የሚነበቡት። የአጭሩ 6፣ የረጅሙ 22 ከሆነ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው 28 በመቶ ገደማ ነዳጅ እየጨመረ ነው። ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ካለ ደግሞ እየቀነሰ ነው። ድምሩ እስከ 5 በመቶ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ እስከ 10 ያስኬዳል። 25 አካባቢ ሲደርስ ኮምፒውተሩ «ከዚህ በላይ ማስተካከል አልችልም» ብሎ ፒ0171ን ይመዘግባል፤ ትክክለኛው ገደብ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። መብራት ያልበራለት፣ ግን 18 እና 20 ላይ የቆመ መኪና ብዙ ነው፤ እሱም ታሟል።

ኮዱን አያጥፉት

ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ አብሮ ይይዛል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። የሞተሩ ዙር በደቂቃ፣ የመኪናው ፍጥነት፣ የውሃው ሙቀት፣ ጭነቱና ትሪሞቹ በሙሉ እዚያ ላይ አሉ። ኮዱ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ በብዙ መኪኖች የረጅም ጊዜው ትሪምም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ኮዱ በ750 ዙር፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ከተመዘገበ አንድ ነገር ይነግረናል፤ በ3200 ዙር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከሆነ ፍጹም ሌላ።

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የኢኤልኤም 327 ማገናኛዎች ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ግን ሶኬታቸው ተመሳሳይ ቢሆንም በእነዚህ ማገናኛዎች አይነበቡም። ከዚያም ቀደም ያሉት ቶዮታዎች፣ በሞተሩ አጠገብ ያለው የመመርመሪያ ሳጥን ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ፣ ኮዳቸውን በዳሽቦርዱ መብራት ብልጭታ ይቆጥራሉ። በእነሱ ላይ 25 ቁጥር የነዳጅ ማነስ፣ 26 ቁጥር የነዳጅ መብዛት ነው።

ሦስቱ ንባቦች

ሞተሩ ይሙቅ፤ የውሃው ሙቀት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለፍ። ኤሲና መብራት ይጥፉ። ከዚያ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) አንድ ደቂቃ ጠብቀው ሁለቱን ትሪሞች ይመዝግቡ። ነዳጁን ረግጠው 2500 ዙር ላይ ለአንድ ደቂቃ ያቁሙና እንደገና ይመዝግቡ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ተጭኖበት ዳገት ሲወጣ፣ ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ያንብብ።

ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ አንድ ስሌት ያሳየናል። 1.3 ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ በሚኒሞ በሰከንድ 1.8 ግራም አየር በኤርፍሎው ሴንሰሩ በኩል ታስገባለች እንበል። ከሴንሰሩ በኋላ ባለ ስንጥቅ ደግሞ በሰከንድ 0.5 ግራም ሳይቆጠር ይገባል። 0.5 ለ1.8 ሲካፈል 28 በመቶ ነው፤ ትሪሙም ወደዚያ ይወጣል። አሁን 2500 ዙር ላይ የሚቆጠረው አየር 7 ግራም ሆነ። ስንጥቁ አልሰፋም፤ የሚያስገባው ያው 0.5 ገደማ ነው። 0.5 ለ7 ሲካፈል 7 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትሪሙ በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ወደ ጤናማው ከወረደ፣ የምንፈልገው የአየር ቀዳዳ ነው። ፖምፓውን መንካት አያስፈልግም።

ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም በሚኒሞ 3 ወይም 4 በመቶ ሆኖ በዳገት ላይ ወደ 20 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ የሚደርሰው ያንሰዋል። ያኔ ወይ ነዳጁ አልደረሰም፣ ወይ ኤርፍሎው ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ እየተናገረ ነው። በሦስቱም ንባቦች ላይ እኩል ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ያለ የነዳጅ ግፊት፣ የታፈኑ ኢንጀክተሮች፣ ወይም የሚዋሽ ኦክስጅን ሴንሰር ይጠረጠራል።

ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተር ከሆነ ተጨማሪ ፍንጭ አለ። ባንክ 1 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው። ፒ0171 ከፒ0174 (የባንክ 2 ተመሳሳይ ኮድ) ጋር አብሮ ከወጣ ሁለቱም ጎኖች ታመዋል፤ ምክንያቱ የጋራ የሆነ ነገር ነው፦ ኤርፍሎው፣ ፖምፓ ወይም ማጣሪያ። አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ የዚያን ጎን ጋስኬት (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያለው ማሸጊያ)፣ ኢንጀክተር ወይም ሴንሰር ነው የምንፈልገው።

ያልተቆጠረ አየር

አብዛኛው ፒ0171 የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ከኤርፍሎው ሴንሰሩ እስከ ሲሊንደሩ ራስ ድረስ ያለ ማንኛውም ክፍተት ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከአየር ማጣሪያው ሳጥን፣ ነዳጅ ሲረገጥ ለአየሩ ወደሚከፈተው ስሮትል ቦዲ የሚሄደው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ምክንያቱም የሚሰነጠቀው በእጥፋቶቹ ሸለቆ ውስጥ፣ በታችኛው በኩል ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቱቦውን በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉትና እያንዳንዱን እጥፋት እየከፈቱ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ስንጥቁ አንዳንዴ የሚከፈተው ሞተሩ በጉልበት ሲዘነብል ብቻ ነው። ፍሬን በደንብ ተይዞ ማርሽ ውስጥ ሲገባ ትሪሙ የሚዘል ከሆነ ይህንን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ትንንሾቹ ቱቦዎች ናቸው። የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰው የፒሲቪ ቱቦ የዘይት ትነት ስለሚያልፍበት ይለሰልስና ክርኑ ላይ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው ከስር ስለሆነ በእጅ ዳሰሳ ነው የሚገኘው። የፍሬን ሰርቮ (ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለው) ወፍራም ቱቦም አለ። ሞተሩ እየሠራ ፍሬን ሲረገጥ ሚኒሞው የሚለወጥና ፉጨት የሚሰማ ከሆነ የሰርቮው ሽፋን ራሱ ተቀዷል፤ ይህ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ መኪናው ሳይጠገን መንገድ መውጣት የለበትም። ከሰልባቲዮ (ከነዳጅ ታንኩ) የሚመጣውን የቤንዚን ትነት የሚያስገባው የፐርጅ ቫልቭ ደግሞ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ከታንኩ በኩል የሚመጣውን ቱቦ ከቫልቩ ነቅለው የቫልቩን አፍ በጣትዎ ይዝጉ፤ ኮምፒውተሩ ሳያዝዘው የሚስብ ከሆነ አይዘጋም ማለት ነው።

ቱቦዎቹን ለመለየት ቀላሉ መንገድ አንድ በአንድ ማነቅ ነው። ጥርሱ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቱቦውን ከማኒፎልዱ አጠገብ ይጫኑና የአጭር ጊዜውን ትሪም ይመልከቱ። 25 ላይ የነበረው በድንገት ወደ 5 ከወረደ ቀዳዳው ከታነቀው ቦታ ወዲያ ነው። ካልተለወጠ ቀጣዩ ቱቦ።

ማነቅ የማይቻልባቸው ቦታዎች የማኒፎልዱ ጋስኬት፣ የስሮትል ቦዲው ጋስኬትና የኢንጀክተሮቹ የታችኛው የጎማ ቀለበት ናቸው። ብዙዎች እዚህ ላይ ካርቡራተር ማጠቢያ ይረጫሉ። ይሠራል፤ ቀዳዳው ፈሳሹን ሲስብ ትሪሙ ይወርዳል፣ የሞተሩ ድምፅም ይለወጣል። ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ደግሞ በጣም የጋለ ነው። በተለይ ሁለቱ ማኒፎልዶች በአንድ ጎን ባሉበት ሞተር ላይ ባይሞከር ይሻላል። በትንሽ መርጫ በጭጋግ መልክ የሚነፋ ውሃ ጥሩ ምትክ ነው፤ ቀዳዳውን ለሰከንዶች ስለሚደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይስተካከላል። የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ላይ ብቻ አይንፉ። ከሁሉም የተሻለው የጭስ ማሽን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር መግቢያው ተዘግቶ ጭሱ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ0.07 ባር ባልበለጠ፣ ይገባል፤ በቀዳዳው በኩል ሲወጣ በዓይን ይታያል። በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር መሞከር ግን ጤነኛውን የጎማ ማሸጊያና ጋስኬት ያፈነዳል።

የጋስኬት ቀዳዳ ጠባዩ ልዩ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብረቱ ስለተኮማተረ ይከፈታል፤ ሲሞቅ ይገጥማል። ባለቤቱ «ጠዋት ብቻ ነው የሚያስቸግረው» ካለ መኪናው ማታ ጋራዥ አድሮ ጠዋት ሳይነሳ ነው መመርመር ያለበት።

ማፕ ሴንሰር ብቻ ባለው ሞተር ላይ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ሴንሰሩ የሚያነበው የማኒፎልዱን ግፊት ስለሆነ በቀዳዳ የገባውም አየር በግፊቱ ውስጥ ይቆጠራል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምርለታል። ውጤቱ የነዳጅ ማነስ ሳይሆን ከፍ ያለና አልወርድ የሚል ሚኒሞ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የነዳጅ ማነስ ኮድ ካወጣ ቀዳዳ ፍለጋ ቀን ከማጥፋት በቀጥታ ወደ ነዳጅ ግፊት መሄድ ይቀላል።

የቆሸሸ ኤርፍሎው ሴንሰር

ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ከፀጉር የማትወፍር ሽቦ በኤሌክትሪክ ትግላለች፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል፤ ሙቀቷን ለመጠበቅ ስንት ኤሌክትሪክ እንዳስፈለገ ታይቶ አየሩ ይሰላል። አቧራ ሲለብሳት እንደ ብርድ ልብስ ይሆንላታል። አየሩ እንደ ልቡ አያቀዘቅዛትም፤ ኮምፒውተሩም «ትንሽ አየር ነው የገባው» ብሎ ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል። ስህተቱ በብዙ አየር ላይ ጎልቶ ስለሚወጣ በሚኒሞ ላይ ደህና መስሎ ዳገት ላይ ያጋልጣል። የጠጠር መንገድ የሚበዛበት መኪና፣ ወይም በትክክል የማይገጥም ርካሽ የአየር ማጣሪያ የተገጠመለት፣ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ንባቡን ለመገመት የሚያገለግል የልምድ ልክ አለ፤ በሞቀ ሞተር በሚኒሞ የሚነበበው ግራም በሰከንድ ከሞተሩ ሊትር ጋር ይቀራረባል ወይም ትንሽ ይበልጣል። ይበልጥ የሚታመነው ግን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማንበብ ነው። 1.5 ሊትር ሞተር በ4000 ዙር በሰከንድ 50 ሊትር አየር ይስባል (ግማሹ 0.75 ሊትር በየዙሩ፣ በሰከንድ ወደ 67 ዙር)። በባሕር ጠለል ላይ 1 ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሲሊንደሩ 85 በመቶ ይሞላል ካልን በሰከንድ 51 ግራም ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ግን 1 ሊትር አየር የሚመዝነው 0.9 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚጠበቀው 38 ነው። ስካነሩ 38 ቦታ 25 ካሳየ ሴንሰሩ ያሳንሳል፣ ወይም አየሩ ከፊቱ ታፍኗል።

ሲታጠብ ለኤርፍሎው ተብሎ የተሠራው ማጠቢያ ብቻ ይነፋበት። የፍሬን ማጠቢያ ፕላስቲኩን ይጎዳዋል፤ ጥጥ ወይም ብሩሽ ሽቦውን ይበጥሰዋል። ደርቆ ሳያልቅ አይገጠም፤ ስዊቹም አይከፈት።

ነዳጁ ሳይደርስ ሲቀር

እዚህ ያለ መለኪያ መፍረድ ገንዘብ ማባከን ነው። የነዳጅ ግፊት ጌጅ ሲገጠም መጀመሪያ ግፊቱ ይለቀቅ፤ የፖምፓው ፊዩዝ ወይም ሪሌይ ይነቀልና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ እሳት ማጥፊያ ቅርብ ይሁን።

በቪትዝና በኮሮላ በብዛት የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ግፊት መያዝ አለበት፤ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ከ147 በታች መውረድ የለበትም። የግፊት መቆጣጠሪያቸው ነዳጅ ሬይሉ (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ ያለና የቫኪዩም ቱቦ የተገጠመለት የቆዩ ቶዮታዎች ቱቦው ሲነቀል ከ265 እስከ 304 አካባቢ፣ ሲገጠም ከዚያ ዝቅ ያለ ያሳያሉ። ቱቦው ሲነቀል ግፊቱ ካልጨመረ መቆጣጠሪያው ወይም ፖምፓው ታሟል። ከቱቦው ቤንዚን ከወጣ ደግሞ የመቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀዷል።

በሚኒሞ ጥሩ ግፊት ማየት ፖምፓውን ነፃ አያወጣውም። በሚኒሞ የሚፈለገው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ የደከመ ፖምፓም ይሸፍነዋል። ጌጁ በመስታወት መጥረጊያው ስር፣ ከመኪናው ውጭ (በጭራሽ ውስጥ አይደለም) ታስሮ ዳገት ላይ ይታይ። ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ከወደቀ ነዳጁ አልደረሰም። ጌጅ ከሌለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ይመሰክራል። ጤነኛ ሞተር ሙሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ስለሚያበዛ የተለመደው ሴንሰር 0.8 ወይም 0.9 ላይ ይቆማል፤ በዚያ ሰዓት ወደ 0.1 ከወረደ ሞተሩ ተርቧል። ያ መኪና እስኪጠገን ዳገት ላይ አይገፋ፤ ፒስተንና ቫልቭ የሚቃጠለው በሙሉ ጭነት ነዳጅ ሲያንስ ነው።

ግፊቱ ዝቅ ካለ ፖምፓው ወዲያው አይፈረድበት። መጀመሪያ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ይለካ። ሞተሩ እየሠራ በፖምፓው ሶኬት ላይ ያለው ቮልት ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ ሽቦው፣ ሪሌዩ ወይም የዛገ የአሉታዊ ሽቦ ማሰሪያ ነው። 10.5 ቮልት የሚደርሰው አዲስ ፖምፓም እንደ አሮጌው ይደክማል። ቮልቱ ደህና ከሆነ የሚወጣው መጠን ይለካ። ለአነስተኛ መኪና በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር ገደማ መቅዳት ይገባዋል። በብዙ ቪትዞች ማጣሪያው ከፖምፓው ጋር ሰልባቲዮው ውስጥ ነው፤ ከስሩም የወንፊት ከረጢት አለ። ወረፋ ተሸሽቶ በጄሪካንና በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚገዛ ቤንዚን አቧራና ውሃ ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚታፈነው ይህ ከረጢት ነው። ሌላው ፖምፓ ገዳይ ታንኩን ሁልጊዜ በቀይ መስመር ላይ መንዳት ነው፤ ፖምፓው የሚቀዘቅዘው በተጠመቀበት ቤንዚን ነውና።

ግፊቱም መጠኑም ልክ ሆኖ ትሪሙ ካልወረደ ኢንጀክተሮቹ ይውጡ። በማጠቢያ ማሽኑ የመስታወት ቱቦዎች ላይ አራቱ የቀዱት መጠን ጎን ለጎን ይታያል፤ በመካከላቸው ከ10 በመቶ የበለጠ ልዩነት መኖር የለበትም። መልሶ ሲገጠም የጎማ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው ቀለበት አየር ያስገባና ጥፋቱን በሌላ በር ይመልሰዋል።

በአሜሪካ ለሚነዱ አንድ ነገር። እዚያ በተለመደው ቤንዚን ውስጥ 10 በመቶ ኢታኖል አለ፤ ትሪሙን በ3 ወይም 4 በመቶ ከፍ ቢያደርግ ችግር አይደለም። ኢ85 የሚለው መቅጃ ግን ለእሱ ባልተሠራ መኪና ውስጥ ከገባ፣ ምንም ያልተበላሸ ሞተር ፒ0171 ሊያወጣ ይችላል።

ሴንሰሩን የሚያሳስቱ

ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጭስ ማኒፎልድ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ይስባል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቲክ ቲክ የሚል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ይህ ነው። የማያቃጥል ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ከፒ0171 ጋር ፒ0302 ከወጣ መጀመሪያ የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላና ኮይል ይታይ። ፒ0300 ከሆነ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ካልተለየ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሊንደሮቹ ሳያቃጥሉ የቀሩት ነዳጅ ስላነሳቸው ሊሆን ይችላል።

ኦክስጅን ሴንሰሩን ራሱን ከመቀየር በፊት የኋለኛውን ምስክር ይጥሩ። የፊተኛው ያለማቋረጥ «አነሰ» እያለ ከካታሊስቱ (በጭስ መውጫው ላይ ካለው የጭስ ማጽጃ) በኋላ ያለው 0.7 ላይ ከቆመ የፊተኛው ይጠረጠራል። ሁለቱም 0.1 ካሉ እውነት ነው የሚናገሩት።

ከፍታው የሚያመጣው ግራ መጋባት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ስዊች ብቻ ተከፍቶ ማፕ ሴንሰሩ 76 ካነበበ ልክ ነው። በውጭ አገር መመሪያ 100 ስለተባለ ብቻ የተጣለ ጤነኛ ሴንሰር ያሳዝናል። የቫኪዩም ጌጅም እንዲሁ ነው። መመሪያው በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያ 7 ያህል ተቀንሶ ከ10 እስከ 15 መጠበቅ አለበት። 13 ኢንች አይቶ «ማኒፎልዱ ያፈሳል» ማለት የሌለ ቀዳዳ መፈለግ ነው።

ካርቡራተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ከፍታው ጥፋቱን ራሱን ይፈጥራል። እዚህ በስሱ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ አፋር ወይም ጅቡቲ ሲወርድ በየሊትሩ የበለጠ አየር ያገኛል፤ ጂግለሩ (ነዳጁ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ግን በዚያው ልክ ነዳጅ አይጨምርለትም። ቆላ ላይ ሞተሩ የሚመታና የሚግል ከሆነ ማስተካከያው እዚያው ቆላ ላይ ይደረግ።

ከጥገናው በኋላ

ኮዱ አሁን ይጥፋ፤ የረጅም ጊዜው ትሪም ዜሮ ላይ ይነሳ። መኪናው ከተማም ዳገትም ተነድቶ ሦስቱ ንባቦች እንደገና ይወሰዱ። ሁሉም በ5 በመቶ ውስጥ ከገቡ ሥራው አልቋል። መብራቱ ስለጠፋ ብቻ መኪናውን መመለስ አይገባም፤ 28 የነበረው 16 ከሆነ መብራቱ አይበራም፣ ግን ሁለተኛ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ይገኛሉና። ትሪሙ ወደ ሌላው ጎን አልፎ ከዜሮ በታች 12 ላይ ከቆመ ደግሞ የተገጠመው ዕቃ ይመርመር። የሌላ ሞተር ኤርፍሎው፣ ሳይዘጋ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የተሳሳተ የግፊት መቆጣጠሪያ ይህን ያደርጋል። የመጨረሻው ንባብ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ይወሰድ፤ ስዊች ሲከፈት የውሃውና የሚገባው አየር ሙቀት መቀራረብ አለበት። አየሩ 16 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 70 ካለ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ «ሞቋል» እያለው ነው፤ ያ መኪና ሲሞቅ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ነዳጅ ያንሰዋል።